«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?»



ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ፣ ክፍል አልቆ ልጆቹ ወደ መኪና እየተሯሯጡ፣ እኔ ወንበር ሳነሳ አንዲት እናት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ስድስት ገጽ ወረቀት ይዘዋል። «መምህር፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ» አሉኝ። የመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ በቀይ ብዕር ትልቅ 0 ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ፦ ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?

«ልጄን ሌባ አሉት» አሉ። «እኔ ሥራ ልገባ ስወጣ ኮምፒውተሩ ላይ ነው፣ ጠዋት ስመለስ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ አገኘዋለሁ። እንዴት ሌባ ይሉታል?»

እኚህ እናት በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ነው የሚሠሩት። ልጁን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ 11ኛ ክፍል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሀሁ ክፍል ትንንሾቹን ያስጠናልናል። ያን ቀን በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያይ ነበር፤ እንደማያነብ ግን ያስታውቃል።

ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ርዕሱ ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። የታሪክ መምህሩ በአሜሪካ ላይ ትልቅ ተጽዕኖ ያሳደሩ ሰዎችን ስም ዘርዝሮ «አንድ ምረጡ» ብሏቸው፣ እነ ማርቲን ሉተር ኪንግ በሌሎች ተይዘው፣ ለእሱ የተረፈው ዳግላስ ነው። ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነገሩ ገባኝ። ልጁ የማይናገራቸው ቃላት፣ የእሱ ያልሆነ አካሄድ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገር ጎግል ላይ አስገብተን ስንፈልግ ከነነጠላ ሰረዙ ወጣ። እዚህም እዚያም አንድ አንድ ቃል ቀይሯል እንጂ ጽሑፉ የሌላ ሰው ነበር።

እናትየው ያን ጊዜ የጠየቁኝን ጥያቄ እስካሁን አልረሳሁትም። «ታዲያ ከየት ያምጣው? እሱ በዚያ ዘመን አልነበረ!»

ልክ ናቸው። ይህንን ጥያቄ ብዙዎቻችሁ በልባችሁ እንደምትጠይቁት አውቃለሁ። እኔ ራሴ አገር ቤት 10ኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ዐድዋ ጦርነት ጽሑፍ ተሰጥቶኝ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት አንድ መጽሐፍ አውጥቼ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አራት ገጽ ገለበጥኩ። ዳሩን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩ፣ ሽፋኑ ላይ አበባ ሣልኩ። ከ10 10 አገኘሁ፣ መምህራችንም ለክፍሉ አነበቡት። የመጽሐፉን ደራሲ ስም አልጠቀስኩም፤ ጥቀስ ያለኝም አልነበረም። እዚህ መጥቼ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስገባ ያንኑ ደገምኩ፣ መምህሩ ቢሮው ጠርቶ አነጋገረኝ። ያን ቀን ያፈርኩትን ዛሬም አስታውሳለሁ። ከማፈሬ ይልቅ ግን ግራ መጋባቴ ይብስ ነበር። ለካ እዚህ የሚፈለገው የመጽሐፉን ሐሳብ ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ መጽሐፉን አንብቤ እኔ ምን አልኩ የሚለው ነው።

የቤተ ክህነት ትምህርት የሚያውቁ ወላጆች ይህ ነገር ቶሎ ይገባቸዋል። ንባብ ሌላ ነው፣ ትርጓሜ ሌላ ነው። መጀመሪያ ንባቡ ይቀመጣል፣ ቀጥሎ «አንድም» ተብሎ ይተረጎማል፤ የትኛው የመጽሐፉ፣ የትኛው የተርጓሚው እንደሆነ አይቀላቀልም። ልጆቻችን ሪሰርች ፔፐር የሚሉትም ያንኑ ነው የሚጠይቀው። ፕሌጀሪዝም የሚሉት ደግሞ ሁለቱን መቀላቀል ነው፤ የሌላውን ንባብ የራስ ትርጓሜ አስመስሎ ማቅረብ።

እንደ ዕድል መምህሩ ለልጁ ሁለት ሳምንት ሰጥቶታል፤ እንደገና እንዲጽፍ። ስለዚህ ሁለት ቅዳሜ ነበረን።

መጀመሪያ ያደረግነው የድሮውን ወረቀት ማስቀመጥ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በራሱ ቃል ቢጽፈውም ኖሮ ጥሩ ጽሑፍ አይሆንም ነበር። ተወለደ፣ አመለጠ፣ መጽሐፍ ጻፈ፣ ከሊንከን ጋር ተገናኘ፣ ሞተ። ይህ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ለ5ኛ ክፍል ይበቃል። ሃይስኩል የሚፈልገው ጥያቄ ነው። አንባቢው «ኧረ እንደዚያ አይደለም» ብሎ ሊከራከርበት የሚችል አንድ ሐሳብ ይዞ፣ ያንን ሐሳብ በማስረጃ ማስረዳት። ቴሲስ የሚሉት እሱን ነው። «ዳግላስ ታላቅ ሰው ነበር» የሚለው ቴሲስ አይሆንም፤ የሚከራከር የለማ።

ጥያቄ የሚገኘው ደግሞ በማንበብ ነው፤ ቁጭ ብሎ በማሰብ አይመጣም። ዳግላስ ለዚህ የተመቸ ሰው ነው፤ ስለ ራሱ ሕይወት ሦስት ጊዜ ጽፏል። በ1845፣ በ1855 እና በ1881። ሦስቱም መጻሕፍት በማንኛውም የሕዝብ ላይብረሪ ይገኛሉ፣ ኢንተርኔት ላይም በነጻ አሉ። የመጀመሪያው ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ልጁ በሁለት ማታ ጨረሰው። ያነበበውን በሚቀጥለው ቅዳሜ በአማርኛ እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ይሄን ያደረግኩት አማርኛውን ለማስጠናት ብዬ ነበር፤ በኋላ ግን ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን ዘዴ ሆኖ አገኘሁት። ለምን መሰላችሁ? የገለበጡትን ነገር በሌላ ቋንቋ መናገር አይቻልም። ያልገባው ቦታ ሲደርስ ይቆማል። የቆመበትን ቦታ ምልክት እናደርግና ተመልሶ ያነባል።

እንዲህ ነገረኝ። ዳግላስ የተወለደው እዚሁ ሜሪላንድ፣ ታልቦት ካውንቲ ውስጥ በባርነት ነው። እናቱ ሃሪየት ቤይሊ ሩቅ እርሻ ላይ ስለምትሠራ ከአራትና አምስት ጊዜ በላይ አላያትም፤ የምትመጣውም በሌሊት በእግሯ ነበር። ልጅ ሳለ ባልቲሞር ወደሚኖሩ የጌታው ዘመዶች ተላከ። የቤቱ እመቤት ሶፊያ ኦልድ ፊደል ታስቆጥረው ጀመር። ባሏ ሂው ኦልድ ሲሰማ ከለከላት፤ ማንበብ የቻለ ባሪያ አይገዛም ብሎ። ዳግላስ ያንን ንግግር ቆሞ ሰማ፣ የነጻነት መንገዱ በየት በኩል እንደሆነም ያኔ ገባው። ከዚያ በኋላ ከቤት ዳቦ እየያዘ ወጥቶ ለሠፈር ድሃ ነጭ ልጆች ይሰጣቸዋል፣ እነሱም በምትኩ ፊደል ያስቆጥሩት ነበር። መርከብ በሚሠራበት ቦታም እንጨቶቹ ላይ የሚጻፉትን ፊደላት እያየ መጻፍ ለመደ።

እዚህ ጋ ልጁ ሳቀና «የሀሁ ክፍል ልጆች ዳቦ ሰጥተናቸውም አይማሩም» አለኝ።

ከዚያ የልደቱ ነገር መጣ። ዳግላስ የተወለደበትን ቀን አያውቅም ነበር። በመጀመሪያው መጽሐፉ አንድ ጊዜ ጌታው ሲናገር ከሰማው ተነስቶ ዕድሜውን ይገምታል። በኋላ ፌብሩዋሪ 14ን ልደቴ ብሎ ያዘ፤ ዓመቱም 1817 ይመስለው ነበር። እሱ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ታሪክ አጥኚዎች የመጀመሪያ ጌታውን የአሮን አንተኒን መዝገብ ሲያገኙ፣ ልጁ የተወለደው ፌብሩዋሪ 1818 መሆኑ ተጽፎ ተገኘ። ሰውየው የራሱን ዕድሜ በአንድ ዓመት ተሳስቶ ሞተ ማለት ነው። ልጁ ይህንን ለአባቱ ሲነግራቸው አባትየው ስቀው ግሪን ካርዳቸውን አወጡ አሉ። ጃንዋሪ 1 ይላል። ስንቶቻችን ቤት ነው ይህ ቀን ያለው? እናቶቻችን «የጥምቀት ማግስት ነው የተወለድከው» ያሉትን ቀን የሚጠይቅ ፎርም ስለሌለ።

ከዚህች ትንሽ ነገር ግን ልጁ ትልቅ ነገር ተማረ። ሁለት ምንጮች ሲለያዩ አንዱን ዝም ብሎ መምረጥ አይደለም፤ ማን ጻፈው፣ መቼ ጻፈው፣ በምን ዐውቆ ጻፈው ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየው ራሱ የጻፈው፣ በዘመኑ የተጻፈ ደብዳቤና መዝገብ፣ እነዚህ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ይባላሉ። በኋላ ዘመን ሰዎች አጥንተው የጻፉት ሁለተኛ ደረጃ ነው። መምህራኑ ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ለዳግላስ የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ ችግር የለም፤ ብዙ ደብዳቤዎቹንና ንግግሮቹን የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት፣ ላይብረሪ ኦቭ ኮንግረስ፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አስቀምጧቸዋል። ለሁለተኛው ደግሞ ዴቪድ ብላይት በ2018 ያሳተመው የሕይወት ታሪክ አለ፤ ፑሊትዘር ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው። በጣም ትልቅ ስለሆነ ልጁን አስፈራው። ከመጨረሻው ማውጫ የሚፈልገውን ቃል ፈልጎ ሁለት ምዕራፍ ብቻ አነበበ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ፕሮፌሰሮችም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት። ዊኪፔዲያ ለመጀመር ጥሩ ነው፣ ለመጥቀስ ግን አብዛኛው መምህር አይቀበለውም።

አሁን ወደ ጥያቄው ልምጣ። ልጁ የ1845ቱን መጽሐፍ ጨርሶ ሲመጣ ተናዶ ነበር። «ዋናውን ነገር አልጻፈውም!» አለኝ። እውነትም ዳግላስ በ1838 ሴፕቴምበር ውስጥ እንዳመለጠ ይጽፍና እንዴት እንዳመለጠ አልናገርም ይላል። ምክንያቱንም ያስቀምጣል፤ የረዱኝን ሰዎች አጋልጣለሁ፣ ጌቶቹም መንገዱን ስለሚያውቁ ከኋላዬ ለሚመጡት በሩን እዘጋባቸዋለሁ ብሎ። እንዲያውም የማምለጫውን መንገድ በይፋ የሚያወሩ ወዳጆቹን ይወቅሳል። በ1855 መጽሐፉም ዝም አለ። ባርነት በ1865 በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ተከለከለ። በ1881 በሦስተኛው መጽሐፉ ግን ሁሉንም ዘረዘረው።

ልጁ ያንን ምዕራፍ ሲነግረኝ ድምፁ ሁሉ ተለወጠ። ዳግላስ የመርከበኛ ልብስ ለብሶ፣ የአንድ ነጻ መርከበኛ ወዳጁን ወረቀት ተውሶ ባልቲሞር ላይ ባቡር ዘለለ። ትኬት መሸጫው ጋ ቆሞ እንዳይመረመር ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ሲል ነው የገባው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው መልክ የእሱን አይመስልም፤ ከእሱ በጣም የጠቆረ ሰው ነው። የባቡሩ ሠራተኛ ከወረቀቱ አናት ያለውን የንስር ማኅተም አይቶ አለፈው። ሄቨር ደ ግሬስ ላይ የሳስኩሃናን ወንዝ በጀልባ ሲሻገር አንድ የሚያውቀው ሰው ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀው ጀመር። ባቡሩ ውስጥ አንድ የሚያውቀው ጀርመናዊ አንጥረኛ ትክ ብሎ አየው፤ ዳግላስ ያወቀኝ ይመስለኛል ይላል፣ ሰውየው ግን ዝም አለ። ከዊልሚንግተን በእንፋሎት መርከብ ፊላደልፊያ፣ ከዚያ በባቡር ኒው ዮርክ። አንድ ቀን እንኳ አልፈጀም። ነጻ ሴት የነበረችው እጮኛው አና መሪ በገንዘብ ረድታዋለች፤ እሷም ተከትላው ኒው ዮርክ መጥታ ተጋቡ።

«ቲቸር፣ ዝም ማለቱ ራሱ ሥራ ነበር ማለት ነው» አለኝ። እንግዲህ ቴሲሱ ይህ ነው። የ1845ቱ ዝምታ ፍርሃት ወይም የተረሳ ነገር አይደለም፤ እንደ ንግግሮቹ ሁሉ ባርነትን የሚታገልበት መሣሪያ ነበር። መከራከር ይቻላል፤ ያንኑ መጽሐፍ ሲያሳትም የጌታውን ስምና የተወለደበትን ቦታ ገልጦ ጽፎ የለ? በዚህም የተነሳ መያዝ ፈርቶ ወደ አየርላንድና እንግሊዝ ሄዷል፣ በ1846 እዚያ ያሉ ወዳጆች ገንዘብ አዋጥተው ነጻነቱን እስከገዙለት ድረስ። ታዲያ ለራሱ ያልፈራ ሰው ለማን ነው የፈራው? ልጁ ሦስተኛውን ገጽ በዚህ ጥያቄ ጀመረ።

አሁን የምነግራችሁን ልጁና ወላጆቹ ፈቅደውልኝ ነው የምጽፈው። አንድ ማታ እራት ላይ ይህንኑ ሲያወራ አባቱን «አባዬ፣ አንተስ እንዴት ወጣህ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባትየው የመጡት በሱዳን በኩል ነው። ልጁ ከዚያ ሌላ የሚያውቀው አልነበረውም። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ጥቂት ነገሩት፤ መተማ ድረስ ያለውን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን «ያሻገረኝ ሰውዬ እዚያው ነው ያለው፣ ልጆችም አሉት» ብለው አቆሙ። ልጁ ተነስቶ መጽሐፉን አመጣና ያንን ገጽ በአማርኛ እየተረጎመ አነበበላቸው። እናትየው ናቸው ይህን የነገሩኝ። ጽሑፉ ውስጥ ግን አላስገባውም። ማስገባት ይችል እንደሆነ ጠይቆኝ፣ «አባትህን ጠይቅ» አልኩት፤ አባትየው አይሆንም አሉ።

ወደ አሠራሩ ልመለስ፤ ለቤታችሁ የሚጠቅመው እሱ ነውና። ልጁ ሲያነብ የሚይዘውን ማስታወሻ ለሦስት ከፈልነው። አንደኛው ቦታ ላይ የመጽሐፉ ቃል እንዳለ፣ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ከገጽ ቁጥሩ ጋር። ሁለተኛው ላይ፣ መጽሐፉን ዘግቶ፣ በራሱ ቃል። ሦስተኛው ላይ «እኔ ምን አሰብኩ»። መጽሐፉን መዝጋቷ ቀልድ አይደለችም። ገጹ ክፍት ከሆነ ዓይን ሳያስቡት ይገለብጣል። የመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተፈጠረውም ይሄ ነው፤ ልጁ ከኢንተርኔት እየቀዳ አንድ ፋይል ላይ ያጠራቅምና ከሳምንት በኋላ የትኛው የእሱ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደሆነ ራሱም አያውቀውም። ሌባ አልነበረም። ግን 0 ማግኘቱ አግባብ ነበር፤ ይህንን ለእናቱም ነግሬያቸዋለሁ፣ ደስ አላላቸውም።

ስለ ቻት ጂፒቲና መሰሎቹ ወላጆች ሁሌም ትጠይቁኛላችሁ። መጀመሪያ የመምህሩን ደንብ ጠይቁ፤ አንዱ ይፈቅዳል፣ ሌላው ፈጽሞ ይከለክላል። እኔ በበኩሌ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍላቸው አልፈልግም። የሌለ መጽሐፍ ጠቅሶ ሲሰጥም አይቻለሁ።

ምንጭ መጥቀስ አሰልቺ ሥራ ነው፣ ግን አይከብድም። ብዙ የእንግሊዝኛ መምህራን ኤም.ኤል.ኤ የሚባለውን አጻጻፍ ይፈልጋሉ። የላይብረሪ ሠራተኞች ይህን ለማሳየት ነው የተቀመጡት፤ ደመወዝ የሚከፈላቸው ለዚህ ነው። የላይብረሪ ካርድ ያለው ልጅ ከቤቱ ሆኖ በክፍያ ብቻ የሚገኙ መጽሔቶችን ማየት ይችላል። ካርዱ ነጻ ነው፣ ግን ስንቶቻችሁ ለልጆቻችሁ አውጥታችሁላቸዋል?

ሁለተኛው እሑድ ቤተሰቡ ዋሺንግተን ወረዱ። አናኮስቲያ ውስጥ ጉብታ ላይ ያለው የዳግላስ ቤት፣ ሲዳር ሂል፣ ብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ነው የሚጠብቀው። ዳግላስ በ1877 ገዝቶት፣ በ1895 እስኪሞት የኖረበት ቤት ነው፤ መጻሕፍቱ፣ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ አሉ። ከጉብታው ላይ ከተማው ወለል ብሎ ይታያል። አባትየው ለዓመታት በዚያ ሠፈር መንገደኛ ሲያደርሱ ሲመልሱ፣ ቤቱን ከታች እያዩት የማን ቤት እንደሆነ ሳይጠይቁ ኖረዋል። መሄድ የምትፈልጉ አስቀድማችሁ ሰዓት ያዙ፤ ውስጡን የሚያስጎበኙት በአስጎብኚ ነው።

ጽሑፉ B አገኘ። መምህሩ አምስተኛው ገጽ ላይ አንድ የጎደለ የገጽ ቁጥር አክብቦ፣ መደምደሚያው ቸኩሏል ብሎ ጽፎበታል። ሁለቱም እውነት ነው። ከታች ግን እንደገና አንድ ጥያቄ አለ፦ አና መሪስ? ስለ እሷ ለምን ሦስት መስመር ብቻ? ልጁ «በሦስቱም መጽሐፍ እሱ ራሱ ስለ እሷ ብዙ አልጻፈማ» ብሎ ከእኔ ጋር ተከራከረ። «እሱንስ ለምን?» አልኩት። አሁን እሱን እያነበበ ነው።

በዚህ ሴሚስተር የጥናት ጽሑፍ የተሰጠው ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ ቅዳሜ ከክፍል በኋላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የሀሁ ክፍል ውስጥ እንቀመጣለን። መምህሩ የሰጠውን መመሪያ ወረቀትና እስካሁን የተጻፈውን ይዞ ይምጣ፤ ምንም ያልጻፈም ይምጣ። በአማርኛ ስለምናስወራቸው ትንሽ ያጉረመርማሉ፣ እናንተ ችላ በሏቸው። ቡና የምታፈላልን እናት ካለችም አንጠላም።